«ራን»፦ የአንድ አጭር እንግሊዝኛ ግሥ ረጅም ታሪክ

ከውጭ አገር ተገዝቶ ከሚመጣ የናፍጣ ጄኔሬተር ጋር አብሮ የሚላከው የእንግሊዝኛ መመሪያ መጽሐፍ አንድን አጭር ግሥ ደጋግሞ ይጠቀማል። ይህም «ራን» የሚባለው ግሥ ነው። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች በቀላል ጭነት መለማመድ እንዳለበት የሚነገረው በዚህ ቃል ነው። ሞተሩ ያለ ጭነት በዝግታ ሲዞር፣ ነዳጁ ሲያልቅ፣ ባትሪው ሲደክም፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ከጄኔሬተሩ እስከ ማከፋፈያው ሣጥን ሲዘረጋ፣ በመጨረሻም ሞተሩ ከቁጥጥር ወጥቶ ያለ ልክ ሲፈጥን የሚገለጸው በዚሁ ቃል ነው። ቃሉን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ግን በመጀመሪያ የሚያውቀው «ሮጠ» የሚለውን ትርጉም ብቻ ነው። ጄኔሬተር አይሮጥም፤ ነዳጅም ሆነ ገመድ እግር የለውም።

ይህ ነገር የቋንቋ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ ቦታ ባልተሰጠው ነበር። ነገር ግን በኢትዮጵያ የምሕንድስና ትምህርት በከፍተኛ ደረጃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመኪናዎቹም መመሪያ በብዛት የሚመጣው በዚሁ ቋንቋ ነው። ትእዛዙን አንብቦ መኪናውን በእጁ ለያዘው ሠራተኛ በአማርኛ የሚያስረዳው መሐንዲሱ ወይም ቴክኒሺያኑ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ያለ ቦታው የተረጎመ ሰው የሚያበላሸው ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ሳይሆን ፓምፑንና ሞተሩን ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ ግሥ ይህን ያህል ትርጉም ሊሸከም የቻለው እንዴት እንደሆነ፣ ከወዴትስ እንደመጣ መመርመር ለሙያው ጥቅም አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ምንጮች

እንግሊዝኛ ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከሰሜን አውሮፓ ጠረፍ ባሕር ተሻግረው በብሪታንያ የሰፈሩት አንግሎችና ሳክሶኖች በአፋቸው ሁለት የሚዛመዱ ግሦች ነበሩ። አንደኛው «ሪናን» የሚባለው ሲሆን ትርጉሙ በራስ መፍሰስ፣ በራስ መሮጥ ነው። ይህ ግሥ ተሳቢ አይፈልግም፤ ውሃው ራሱ ይፈሳል፣ ሰውዬውም ራሱ ይሮጣል። ሁለተኛው ከዚሁ ሥር በአስደራጊነት የወጣ ነው፤ ሌላውን እንዲሮጥ ማድረግ፣ በተለይም ፈረስን መጋለብ ማለት ነበር።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለቱም ግሦች የፊደል መቀያየር ደርሶባቸዋል። «ሪናን» የሚለው ብዙ ጊዜ «ኢርናን» እየተባለ ይጻፍ ነበር፤ አስደራጊውም «ኤርናን» የሚል መልክ ይዞ ይገኛል። በጀርመንኛ ግን የሁለቱ ዝርያዎች ዛሬም ተለይተው ይኖራሉ። ፈሳሽ ሲወርድ «ሪነን» ይባላል፤ ሰው ወይም ፈረስ ሲሮጥ «ሬነን» ይባላል። ምንም እንኳ «ሬነን» ጥንት የነበረውን የአስደራጊነት ጠባይ ቢተውም ቃሉ ከወንድሙ ጋር አልተቀላቀለም።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን የሁለት ግሦች ዝምድና ለመረዳት አይቸገርም። ፈሰሰና አፈሰሰ፣ ዞረና አዞረ፣ ሮጠና አስሮጠ በየቀኑ የሚነገሩ ናቸው። አማርኛ በራሱ የሚሆነውንና ሌላው እንዲሆን የሚያደርገውን በቃሉ መነሻ ላይ «አ» ወይም «አስ» በመጨመር ይለያል። ጥንታዊው እንግሊዝኛና ወንድሞቹ ደግሞ በቃሉ መካከል ያለውን አናባቢ በመለወጥ ይለዩ ነበር። የዚህ ሥርዐት ቅሬታ በዛሬው እንግሊዝኛ ውስጥ በጥቂት ቃላት ላይ ይታያል፤ ዛፍ ሲወድቅ «ፎል»፣ ዛፍ ሲጣል ግን «ፌል» ይባላል፤ አንድ ነገር በራሱ ሲነሣ «ራይዝ»፣ ሌላው ሲያነሣው ደግሞ «ሬይዝ» ይባላል። በ«ራን» ላይ ግን ይህ ልዩነት ጠፋ።

ልዩነቱ እንዲጠፋ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ የስካንዲኔቪያ ሰዎች መምጣት ነው። በ865 ከዴንማርክና ከአካባቢው የተነሣ ታላቅ ሠራዊት በእንግሊዝ ምድር ሰፈረ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ሕዝብ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ መሬት ይዞ እያረሰ መኖር ጀመረ። የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ጋር የቀረበ ስለነበር ጎረቤታሞቹ በብዙ ነገር ይግባቡ ነበር። በእነርሱ ዘንድ «ሬና» የሚለው አንድ ቃል መሮጥንም ማስሮጥንም ያመለክት ነበር። ከዚህ ጎረቤትነት የተነሣ «ረ» በመጀመሪያ የሚመጣበት አነጋገር እየበረታ «ኢርናን» የሚለው እየተረሳ ሄደ። ከብዙ የአነጋገር ልዩነት በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት ዛሬ የሚታወቀው «ራን» የሚለው መልክ ለአሁን ጊዜ በሰፊው ተለመደ።

የዚህ ግሥ የኋላ ታሪክ በሙሉ በዚህ መዋሐድ ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል። በራሱ የሚሄደውም ነገር፣ እንዲሄድ የሚያደርገውም ሰው በአንድ ቃል ተጠሩ። ከዚያ በኋላ በራሱ የሚንቀሳቀስ ወይም ሰው የሚያንቀሳቅሰው አዲስ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ስሙን የሚያነሣ ግሥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

ከወንዝ እስከ ባሕር

ከሁሉ የቀደመው የፈሳሽ ትርጉም ዛሬም አልሞተም። እንግሊዛዊ ወንዙ፣ ቧንቧው፣ እንባውም ይፈሳል ለማለት በዚሁ ግሥ ይጠቀማል። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ፣ ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ፣ ሲነድ የሚቀልጥ ሻማ ሁሉ በዚሁ ግሥ ይነገርላቸዋል። ወተትን የሚያረጋው «ሬኔት» የተባለው ነገርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው። ለዘመኑ ሰው የወተት መርጋት ፈሳሹ በአንድነት ሮጦ መሰብሰቡ ነበርና። ብረት አቅላጮችም የቀለጠው ብረት ወደ ቅርጹ የሚወርድበትን ቦይ «ራነር» ይሉታል።

የባሕር ሰዎች ደግሞ ቃሉን ወደ መርከብ ወሰዱት። ነፋስን ከኋላ ይዞ መጓዝ፣ ከአሸዋ ወይም ከዐለት ላይ መውጣት፣ ጠረፍን ይዞ መሄድ ሁሉ በ«ራን» ተነገረ። በሸራ መርከብ ላይ ያሉት ገመዶችም በሁለት ተከፈሉ። ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙትና ከቦታቸው የማይነቃነቁት «የቆሙ» ተባሉ፤ በመዘውር ውስጥ እያለፉ ሸራውን የሚያወጡትና የሚያወርዱት «የሚሮጡ» ተባሉ። ይህ አከፋፈል ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ጭነት ተሸክሞ የሚቆመውንና የሚንቀሳቀሰውን የመኪና ክፍል መለየት ማለት ነው።

ከመርከብ ወደ መሬት ሲመለስ ግሡ እንቅስቃሴ በሌለበትም ቦታ ማገልገል ጀመረ። መንገድ ከአንድ ከተማ እስከ ሌላው «ይሮጣል» ይባላል፤ በአማርኛ መንገዱ ይዘልቃል እንደሚባለው ማለት ነው። አጥር በእርሻው ዳር ይሮጣል፤ ውል ለሁለት ዓመት ይሮጣል፤ የንጉሥ ትእዛዝም እስከሚከበርበት ድንበር ይሮጣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እግር የለም፤ ያለው ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይቋረጥ የሚቀጥል መሥመር ነው። የቃሉን ልዩ ልዩ ትርጉሞች የሚያስተሳስረው ሐሳብም ይኸው አለመቋረጥ እንጂ ፍጥነት አይደለም።

በዚህ ረገድ የላቲን ቋንቋ ያወረሰውም ድርሻ መረሳት የለበትም። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል፣ ኋላም በቀጥታ ከላቲን መጻሕፍት፣ መሮጥ የሚል ትርጉም ካለው «ኩሬሬ» ከሚባል የላቲን ግሥ ብዙ ቃላት ገብተዋል። የወንዝንም የኤሌክትሪክንም ጅረት የሚያመለክተው «ከረንት»፣ በሕንፃ ውስጥ ያለው «ኮሪደር»፣ በኮምፒዩተር መስታወት ላይ ብልጭ የሚለው «ከርሰር» ሁሉም የዚህ ግሥ ልጆች ናቸው። ሁለቱ ቋንቋዎች ተለያይተው ሳሉ የሮጠውን ሰውና የፈሰሰውን ውሃ በአንድ ዓይን ማየታቸው የሚያስገርም ነው።

ወፍጮ፣ ባቡርና ፋብሪካ

በ1086 በእንግሊዝ የተደረገው ታላቁ የሀብት ቆጠራ ከ5,000 የሚበልጡ ወፍጮዎችን መዝግቧል። በውሃ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሁለት ድንጋዮች ይደራረባሉ። የታችኛው እንደ አልጋ ተኝቶ ስለሚቆይ በአልጋ ስም ይጠራል፤ ከላይ የሚዞረው ግን «ራነር»፣ ማለትም ሯጩ ይባላል። ውሃው ይሮጣል፣ መንኰራኵሩ ይሮጣል፣ ድንጋዩም ይሮጣል። ወራጅ ውሃ ኀይሉን ለሚዞር ዕቃ ሲሰጥ ግሡም አብሮ ከውሃው ወደ መኪናው ተሻገረ።

ይህ ስም በዘመናዊው የውሃ ኀይል ምሕንድስና ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጄምስ ፍራንሲስ በማሳቹሴትስ ግዛት በሎወል ከተማ በ1840ዎቹ መጨረሻ ባሻሻለው ተርባይን፣ ሌስተር ፔልተንም በ1880 ፈቃድ ባወጣበት ተርባይን ውስጥ ውሃው የሚመታውና የሚዞረው ጎማ «ራነር» ይባላል። ቃሉን «ሯጭ» ብሎ መተርጐም ትርጉም አይሰጥም፤ «የተርባይኑ ተሽከርካሪ» ማለት ግን ነገሩን በትክክል ያሳያል።

የእንፋሎት ሞተር በመጣ ጊዜ ቃሉ ይበልጥ ሰፋ። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ማቀዝቀዣውን ከሲሊንደሩ ለይቶ ፈቃድ ያገኘው በ1769 ነው፤ በ1781 ደግሞ የሞተሩን የወዲያና ወዲህ እንቅስቃሴ ወደ ዙሪያ የሚለውጥበትን ዘዴ አስመዘገበ። ከዚህ በኋላ ሞተሩ የፋብሪካ መዘውሮችን ቀኑን ሙሉ ማዞር ቻለ። ፈረስ ይደክማል፤ ወንዝም በበጋ ይጎድላል፤ የድንጋይ ከሰል እስካለ ድረስ ግን ሞተሩ አይቆምም። «ይሮጣል» የሚለው ቃል ለእንዲህ ያለው ያልተቋረጠ ሥራ የተስማማ ሆነ።

በ1830 መስከረም 15 ቀን በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል የተከፈተው የባቡር ሐዲድ ሌላ ምዕራፍ ከፈተ። ባቡሮች በተወሰነ ሰዓት በተወሰነ መሥመር መመላለስ ጀመሩ፤ በ1839 ጆርጅ ብራድሾው የባቡሮችን የሰዓት ሠንጠረዥ በመጽሐፍ መልክ አሳተመ። ባቡሩ በ2 ሰዓት «ይሮጣል» ሲባል በዚያ ሰዓት አገልግሎት ይሰጣል ማለት ሆነ እንጂ ስለ ፍጥነቱ የተነገረ ነገር የለም።

በዚሁ ጊዜ የግሡ ሁለተኛ ምንጭ፣ ፈረስን ከመጋለብ የመጣው አስደራጊነት፣ አዲስ ሥራ አገኘ። ሞተሩን በእጁ ይዞ የሚነዳው ሰው «ድራይቭ» አደረገ ይባላል። ባቡሮቹን «ራን» የሚያደርገው ግን ኩባንያው ነው። ኩባንያው መሪ አይጨብጥም፤ ከሰልም በእሳቱ ላይ አይጨምርም፤ ነገር ግን ነገሩ ሳይቋረጥ እንዲሄድ ኀላፊው እርሱ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አሜሪካኖች ይህንኑ አስፍተው ፋብሪካን፣ ሱቅን፣ ጋዜጣን፣ ሆቴልን መምራት በዚሁ ግሥ መጥራት ጀመሩ። አንድ ሥራ አስኪያጅ በፋብሪካው ውስጥ አንድም መኪና በእጁ ሳይነካ ፋብሪካውን «ራን ያደርጋል» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በምርጫ መወዳደርን አሜሪካኖች መሮጥ ሲሉት እንግሊዞች መቆም ማለታቸውም የሁለቱን አገሮች የአነጋገር መለያየት የሚያሳይ ነው።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ድካም

እንዲህ ያለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ለማስፈር የሞከሩ ሰዎች ምን ያህል እንደተቸገሩ የታወቀ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ትርጉማቸው እጅግ ልል የሆነ የእንግሊዝኛ ግሦች ሥራውን እንዳከበዱበት ገልጿል፤ በስም ከዘረዘራቸውም አንዱ «ራን» ነው።

ከጆንሰን መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ በለንደን የነበረው የቋንቋ ጥናት ማኅበር የእንግሊዝኛን ቃላት በሙሉ ከነታሪካቸው የሚመዘግብ አዲስ ሥራ አሰበ። ይህም በኋላ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተባለው ነው። ከ1879 ጀምሮ ዋና አዘጋጅ የነበረው ጄምስ መሪ በግቢው ውስጥ በቆርቆሮ በተሠራ ቤት ተቀምጦ ይሠራ ነበር። በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ከመጻሕፍት እየለቀሙ የሚልኩለት ጥቅስ የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ከ5 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። አሠራሩ ለመሐንዲስ የሚገባ ነበር። አዘጋጁ የቃሉን ትርጉም ከራሱ አያወጣም፤ ቃሉ በተሠራበት ዓረፍተ ነገር ላይ ተመሥርቶ፣ ማስረጃውን በዓመት ተራ ደርድሮ፣ ትርጉም ከትርጉም እንዴት እንደተወለደ ይከታተላል። መሪ ሥራው ሳይፈጸም በ1915 ሞተ፤ መዝገበ ቃላቱ የተፈጸመው በ1928 ነው። የ«አር» ፊደልን ያዘጋጀው ዊሊያም ክሬጊ ነበር።

በዚህ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከሁሉ የበለጠ ቦታ የያዘው ማስቀመጥ፣ ማኖር የሚል መነሻ ትርጉም ያለው «ሰት» የሚባለው ግሥ ነበር። በ1989 በወጣው በ20 ጥራዝ ሁለተኛ እትም ለዚህ ግሥ የተሰጠው ሐተታ ወደ 60,000 ቃላት ይደርስ ነበር። አዘጋጆቹ ሦስተኛውን እትም ሲጀምሩና ቃላቱን እንደገና ሲመረምሩ ግን ነገሩ ተለወጠ። ፒተር ጊሊቨር የተባለው አዘጋጅ «ራን» የሚለውን ግሥ ብቻ ለመመርመር 9 ወር ወሰደበት፤ በ2011 ሥራው ሲወጣ የግሡ ትርጉሞች ቁጥር 645 ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር «ራን» ብቻውን የያዛቸውን ትርጉሞች ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመር የሚሰጣቸውንም የሚጨምር ነው። በአንድ ዕቃ ላይ መቀመጥን የሚያመለክተው ግሥ በሚሄደው ግሥ መቀደሙ የዘመኑን መልክ ያሳያል።

ስሌት የሚሠራው መኪና

በ1948 ሰኔ 21 ቀን በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፍሬደሪክ ዊሊያምስ፣ ቶም ኪልበርንና ጄፍ ቱቲል የሠሩት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መኪና በራሱ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠውን ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጸመ። ሥራው 262,144 የሚባለውን ቁጥር ያለ ቀሪ ከሚያካፍሉት ከእርሱ ያነሱ ቁጥሮች ትልቁን መፈለግ ነበር። መኪናው 52 ደቂቃ ሠርቶ፣ ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ክንውኖችን ፈጽሞ፣ 131,072 የሚለውን ትክክለኛ መልስ ሰጠ። በተከታዩ ዓመት ግንቦት 6 ቀን በካምብሪጅ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው «ኤድሳክ» የቁጥሮችን ካሬ ሠንጠረዥ አወጣ።

በዚህ ጊዜ የሚሄደው ነገር ውሃም መንኰራኵርም አልነበረም፤ የትእዛዝ ተራ ነበር። ቢሆንም መሐንዲሶቹ አዲስ ግሥ መፍጠር አላስፈለጋቸውም። ፕሮግራሙ ራሱ «ራን» ያደርጋል፤ ሰውም ፕሮግራሙን «ራን» ያደርገዋል። «ሪናን» እና «ኤርናን» ከሺህ ዓመት በኋላ በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ

የቃሉ ታሪክ ከታወቀ በኋላ የዕለት ሥራው ይቀልላል። በልዩ ልዩ የምሕንድስና ዘርፍ የሚገኙት ትርጉሞች ሲደረደሩ እያንዳንዱ ከአንዱ ጥንታዊ ሐሳብ የመነጨ መሆኑ ይታያል።

በውሃ ምሕንድስና «ራን ኦፍ» የሚባለው መሬት ሳይመጠው በላይ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ነው፤ ይህ የመጀመሪያው የፈሳሽ ትርጉም ነው። ትልቅ የውሃ ማከማቻ ሳይሠራ ወንዙ በሚያመጣው ውሃ መጠን ብቻ የሚሠራ የኀይል ማመንጫም በዚሁ ግሥ ይጠራል። በቧንቧና በኤሌክትሪክ ሥራ አንድ «ራን» ማለት ከመነሻ እስከ መድረሻ የተዘረጋ ቱቦ ወይም ገመድ ነው፤ በብየዳ ሥራ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሳይቋረጥ የተበየደ መሥመር ነው። በማተሚያ ቤት በአንድ ጊዜ የሚታተመው የቅጂ ብዛት እንዲሁ ይባላል። እነዚህ ሁሉ ከአለመቋረጥ የመጡ ናቸው። «ራን አውት» ግን ሁለት መልክ አለው፤ ስለ ነዳጅ ሲነገር አለቀ ማለት ነው፤ ስለሚዞር ዘንግ ሲነገር ዘንጉ ከእውነተኛው መሐል ወጥቶ መወላገዱን ያመለክታል። በመጋዘን ጸሐፊና በማሽን ክፍል ሠራተኛ ዘንድ አንዱ ቃል ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ ያዛል።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ሁለት ቃላት ቦታ ሲለዋወጡ ነው። «ድራይ ራን» ማለት እውነተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሙከራ የሚደረግ ልምምድ ነው፤ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የሚመከር ነው። «ራን ድራይ» ሲባል ግን ፓምፑ ውሃ ሳይኖረው መዞሩ ነው። ብዙዎቹ ፓምፖች በውስጣቸው በሚያልፈው ውሃ የሚቀዘቅዙና የሚለሰልሱ ስለሆኑ ያለ ውሃ ሲዞሩ የውሃ መከላከያ ክፍላቸው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ሁለቱን አገላለጾች ያልለየ አንባቢ ክልክሉን እንደ ተፈቀደ ሊያነበው ይችላል። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ አንዳንድ የፓምፕ መመሪያዎች ያለ ውሃ መዞርን ራሱን «ድራይ ራኒንግ» ብለው መጥራታቸው ነው።

«ራናዌይ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ፈረስ ከጌታው አምልጦ ሲጋልብ ይባል የነበረው ዛሬ ለተርባይን ይባላል። ጄኔሬተሩ በድንገት ጭነቱን ሲያጣና የውሃው በር ሳይዘጋ ሲቀር ተርባይኑ ከተመደበለት ፍጥነት እንደ ዓይነቱ ከ1.5 እስከ 3 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። መሐንዲሱ ዘንጉንና ተሽከርካሪውን ሲነድፍ ይህንን ፍጥነት እንዲችሉ አድርጎ መሥራት አለበት። ፈረሱ ቢቀርም ልጓም የማጣቱ አደጋ አልቀረም።

አማርኛና «አሂድ»

ይህ ሁሉ አማርኛን ድኻ፣ እንግሊዝኛን ባለጸጋ አያሰኝም። አማርኛ በብዙ ትርጉም የሚያሠራቸው የራሱ ግሦች አሉት። «በላ» የሚለውን መመልከት ይበቃል። ዝገት ብረቱን ይበላዋል፤ መኪና ነዳጅ ይበላል፤ ጎማው ተበልቷል ይባላል፤ የአደራ ገንዘብም ይበላል። አንድ እንግሊዛዊ አማርኛ ተማሪ በዚህ ግሥ የሚደነግጠው አማርኛ ተናጋሪው በ«ራን» የሚደነግጠውን ያህል ነው። የብየዳና የሞተር ሠራተኞችም ሞተሩ «ነከሰ» ሲሉ ከመጽሐፍ ያላገኙትን ትክክለኛ ቃል ለሙያው ሰጥተውታል።

«ሮጠ» ከግዕዙ «ሮጸ» የመጣ ሲሆን በአማርኛ በአመዛኙ ከእግር ጋር ኖሯል። የእርሱ ዘመድ በሆነው የዕብራይስጥ ግሥ ግን የዛሬዎቹ የእስራኤል ተናጋሪዎች በአስደራጊው መልክ ፕሮግራምን ማስሮጥ ይላሉ። አማርኛ ሌላ መንገድ መርጧል። በአማርኛ በተዘጋጁ የኮምፒዩተር ገጾች ላይ በ«ራን» ቦታ የሚታየው ትእዛዝ «አሂድ» የሚል ነው። ይህ ምርጫ ጥሩ ነው። ፕሮግራሙ ሲሄድ «ሄደ»፣ ሰው ሲያንቀሳቅሰው «አሄደ» ስለሚባል፣ እንግሊዝኛ የቀላቀላቸውን ሁለቱን ምንጮች አማርኛ በአንዲት «አ» መልሶ ይለያቸዋል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለቴክኒክ ጽሑፍ ተርጓሚ ሁሉ የሚሠራ ነው። ለ«ራን» አንድ የአማርኛ አቻ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ጄምስ መሪም ከትርጉሙ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ይጠይቅ ነበር። የሚንቀሳቀሰው ማን ነው? በራሱ ነው ወይስ ሌላው አንቀሳቅሶት? ከግሡ ጎን የቆመው ትንሽ ቃል ምንድን ነው? እነዚህ ከተመለሱ ውሃው ይፈሳል፣ ገመዱ ይዘረጋል፣ አውቶቡሱ ይመላለሳል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ፋብሪካው ይመራል፣ ፕሮግራሙም ይሄዳል። ቃላቱ በአማርኛ አስቀድመው አሉ። በፓምፑ ሣጥን ላይ የሚለጠፈውን ማስጠንቀቂያ የሚጽፈው መሐንዲስም «ፓምፑ ደረቅ አይሩጥ» ብሎ ከመጻፍ «ፓምፑን ያለ ውሃ አታስነሣ» ብሎ ቢጽፍ፣ በሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚሠራው ሰው መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ይረዳዋል።